የንድፍ ተማሪና የድረ ገጽ መሣሪያዎች፤ ከፊደላችን አንጻር የቀረበ ሒስ

ባለፉት ጥቂት ዓመታት በመምህራን መካከል ከእጅ ወደ እጅ ከሚተላለፉት ጽሑፎች አንዱ «ለንድፍ ተማሪዎች ጠቃሚ የሆኑ ድረ ገጾች» የሚል ርእስ የያዘ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ አንዳንድ ጊዜ 10፣ አንዳንድ ጊዜ 50 ስም ይይዛል፤ በቴሌግራም ይላካል፤ በወረቀት ታትሞም በመምህራን ማረፊያ ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይታያል። ከየስሙ ጐን አንዳንድ ቃል ምስጋና አይጠፋም፤ «ነጻ ነው»፣ «ቀላል ነው»፣ «ፈጣን ነው» ይላል። መሣሪያው ለተማሪው ምን እንደሚያስተምረው፣ በምንስ ረገድ እንደሚያሰንፈው የሚናገር ዝርዝር ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በብዛት ከሚጠቀሱት መሣሪያዎችና ምክሮች ጥቂቶቹን አንሥቶ መመዘን ነው።

መመዘኛዎቼ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። አንደኛው፣ መሣሪያው የተማሪውን ዐይንና እጅ ያሠራልን ወይስ በእነርሱ ፈንታ ራሱ ይሠራል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ተማሪው የላቲኑን ፊደል አውጥቶ አማርኛ ባስገባ ጊዜ ምን ይሆናል የሚል ነው። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ለአንዳንድ አንባብያን የጐን ጉዳይ መስሎ ሊታያቸው ይችላል። እኔ ግን ከመጀመሪያው እንደማይነጠል፣ እንዲያውም ተማሪው በዐይኑ ማየት መጀመር አለመጀመሩ ከሁሉ ይልቅ በዚህኛው እንደሚፈተን አምናለሁ።

ነገሩን ከአንድ ገጠመኝ ልጀምር። በምመራው የሥነ ጥበብ ክበብ ውስጥ ያሉ ተማሪዎች ለቤተ መጻሕፍት ቀን ማስታወቂያ እንዲያዘጋጁ ታዘዙ። አርእስቱ ሦስት ቃላት ብቻ ነበር፤ «ያገለገሉ መጻሕፍት ይሰጣሉ» የሚል። ተማሪዎቹ ካንቫ ወደ ተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በአውስትራልያ ሥራ ጀምሮ ዛሬ በብዙ አገሮች ወደሚሠራበት ድረ ገጽ ገቡና ተዘጋጅተው ከተቀመጡት ንድፎች አንዱን መረጡ። ንድፉ በራሱ የሚነቀፍ አልነበረም። በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት የተጻፈ አርእስት፣ ከመጨረሻው ቃል በላይ አንዲት አጭር ጌጣዊ መስመር፣ ከበስተ ኋላ የቅጠላ ቅጠል ሥዕል ነበረው። ተማሪዎቹ እንግሊዝኛውን ሰርዘው አማርኛውን ጻፉ። የእኛ ፊደል ከተዘጋጀለት ቦታ ስለ ረዘመ አርእስቱ ወደ ላይ ገፋ፤ ያቺ አጭር መስመርም ከ«ሰ» ራስ ላይ ተቀመጠች። እኔም አየሁትና «ጥሩ ነው፤ ለጥፉት» አልሁ።

ማስታወቂያው በበሩ ላይ ከዋለበት ሰዓት ጀምሮ ወላጆች ወደ ቤተ መጻሕፍቱ እየገቡ ዋጋ ይጠይቁ ጀመር። «ይሰጣሉ» የተባለው «ይሸጣሉ» ተብሎ ይነበብ ነበርና። ተማሪዎቹ በተጠየቁ ጊዜ የሰጡት መልስ ከስሕተቱ ይበልጥ አሳሰበኝ። «እኛ አልነካነውም፤ መስመሩ ድሮም እዚያው ነበር» አሉ። እውነታቸውን ነው። መስመሩን ማንም አላሰመረውም፤ ማንም ስላላሰመረውም ማንም አላየውም።

የተዘጋጀ ንድፍ ማለት አንድ ሰው በሌላ ጊዜ፣ በሌላ ቋንቋ፣ ለሌላ ጥያቄ የሰጠው መልስ ነው። ጥያቄው ተሰርዞ መልሱ ብቻ ይቀርብልናል። በነዚህ ንድፎች ውስጥ የጽሑፍን ቦታ ለማሳየት የሚቀመጠው የተለመደ የላቲን ድርድር እንኳ ከጥንታዊው ሮማዊ ከሲሴሮ ድርሰት ተቆራርጦ የተወሰደና ትርጉሙ እንዲጠፋ ሆኖ የተበላሸ ጽሑፍ ነው። ተማሪው ከዚህ ሳያውቀው የሚማረው ትምህርት ጽሑፍ ማለት ባዶ ቦታ መሙያ ነው የሚል ይሆናል። በእኛ ማስታወቂያ ላይ የደረሰው ስሕተትም ሥሩ ይኸው ነው፤ ንድፉ ከቃሉ አልተነሣም፤ ቃሉ ከንድፉ ውስጥ ተጨመረ እንጂ።

ይህን ስል መሣሪያውን ጨርሶ መንቀፌ አይደለም። ከቀትር በኋላ ለሚደረግ ስብሰባ ጠዋት ላይ ማስታወቂያ ማውጣት ላለበት ርእሰ መምህር ካንቫ ትልቅ እፎይታ ነው፤ እንደርሱ ላለው ሰው ዛሬም ቢሆን አመሰግነዋለሁ። ነገር ግን ሥራን ማፋጠንና ሥራን ማስተማር ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ዝርዝሮቹ ሁለቱን በአንድ ዐምድ ማስፈራቸው ነው የሚያሳስተው።

ስለ ፊደል ቅርጾች

የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር የፊደላት ሥርዐት በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው እትም ነው። ይህ ከመሆኑ በፊት፣ ከሆነም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በአገራችን ጽሕፈት ቤቶች ይሠራባቸው የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች በላቲን ፊደላት ቊጥር ላይ የእኛን ቅርጽ የደረቡ ነበሩ። በነዚያ መጻፊያዎች የተዘጋጀ የቈየ የፈተና ወረቀት ወይም ማስታወሻ በአንድ የድረ ገጽ መሣሪያ ላይ ሲገለበጥ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ መምህራን ይህን ሲያዩ «ድረ ገጹ አማርኛ አይቀበልም» ብለው ይተዉታል። ጥፋቱ ግን ከመሣሪያው ሳይሆን ከአሮጌው አጻጻፍ ነው፤ ጽሑፉ በዩኒኮድ ተመልሶ ሲጻፍ ችግሩ ይወገዳል።

ከዝርዝሮቹ ሁሉ ያለ ብዙ ማመንታት የማመሰግነው ጉግል ፎንትስ የተባለውን የፊደል ቅርጾች ማከማቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተ ሲሆን በውስጡ ያሉት ቅርጾች ያለ ክፍያ ይወርዳሉ፤ ፈቃዳቸውም ክፍት ስለሆነ ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው በፍላሽ መቅዳት፣ በማስታወቂያም ሆነ በመጽሐፍ መጠቀም ሕጋዊ ነው። የላቲን ፊደል ተማሪ ከ1,000 በላይ ቤተሰቦች መካከል ይመርጣል። የእኛ ተማሪ የሚመርጠው በጣት ከሚቈጠሩት ነው። ከእነዚህም መካከል ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ፣ አቢሲኒካ ሲልም ይገኛሉ። («ኖቶ» የሚለው ስም ቅርጹ በጠፋ ፊደል ፈንታ የሚታየውን ባዶ ሳጥን ለማስቀረት ከነበረ ሐሳብ የወጣ ነው፤ ሳጥኑን «ቶፉ» ይሉታል። ከአንድ የምግብ ስም የፊደላችን መታያ መገኘቱ የሚያስገርም ነው።)

እንግዲህ በዝርዝሮቹ ላይ የሚነበበው ምክር «ሁለት የሚጣጣሙ የፊደል ቤተሰቦችን አጣምር» ይላል። ምክሩ ለላቲን ተማሪ የምርጫ ልምምድ ነው። ለእኛ ተማሪ ግን ምርጫው ከመጀመሩ ያልቃል። ስለዚህ በምርጫ ፈንታ ምርመራ ይቅደም እላለሁ። ኖቶ ሳንስ ከቀጭን እስከ ወፍራም 9 ደረጃዎች አሉት። አቢሲኒካ ደግሞ የብዕር ጽሕፈትን ወግ የተከተለ፣ ለዐይን ደስ የሚያሰኝ ቅርጽ ሲሆን ያለው አንድ ውፍረት ብቻ ነው። ተማሪው በአቢሲኒካ ጽፎ የማወፈሪያውን ምልክት ሲጫን ኮምፒዩተሩ አብዛኛውን ጊዜ እንቢ አይልም፤ ከሌለው ነገር አስመስሎ ይሠራል። የፊደሉን ዳር በቀለም ያሰፋዋል። ያን ጊዜ የ«ጨ» ቀለበቶች ይደፈናሉ፤ የ«መ» ሁለት ዐይኖች ይጠባሉ፤ የ«ፀ» መካከል ይጠቊራል። ማዝመሚያውም እንዲሁ ነው። ያዘመመ ፊደል በላቲን የራሱ ታሪክና የራሱ ቅርጽ ያለው ጽሕፈት ነው፤ በእኛ ግን ቀጥ ብሎ የቆመውን ፊደል ከመግፋት በቀር ሌላ አይደለም።

የምርመራውን ዘዴ ላስረዳ። ከፊደሎቻችን መካከል በራሳቸው ላይ በሚጨመር አግዳሚ ሰረዝ ብቻ ከእናታቸው የሚለዩ አሉ፤ «ሰ» እና «ሸ»፣ «ተ» እና «ቸ»፣ «ነ» እና «ኘ»፣ «ከ» እና «ኸ»፣ «ዘ» እና «ዠ»፣ «ደ» እና «ጀ»፣ «በ» እና «ቨ»። ይህች ሰረዝ ስትጠፋ ወይም ያለ ቦታዋ ስትገባ ቃሉ ሌላ ይሆናል። «ሰጠ» እና «ሸጠ» አይተናል። «ደመረ» እና «ጀመረ» ሌላው ነው። ተማሪዎቹ እነዚህን ጥንዶች በየፊደል ቅርጹ፣ በ8፣ በ10፣ በ12 ነጥብ መጠን አትመው በግድግዳ ላይ ይስቀሉና ወደ ኋላ እየሄዱ ከስንት እርምጃ ላይ ሰረዟ እንደምትጠፋባቸው ይመዝግቡ። በላቲን ፊደል ላይ የተመሠረተ የትኛውም የምክር ገጽ ይህን ልምምድ አይሰጣቸውም። ወረቀትና ልኬት እንጂ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ከዚህ ልምምድ በኋላ ተማሪው የፊደል ቅርጽን «ያምራል» ወይም «አያምርም» ብሎ ብቻ አያልፈውም፤ ምክንያት ይሰጣል።

ስለ ቊጥርና ስለ ምክር

ከንድፍ ምክሮች መካከል እጅግ የሚወደዱት ቊጥር ያላቸው ናቸው። መምህሩም ለማረም፣ ተማሪውም ለማስታወስ ይመቹታልና። ለምሳሌ በማቲው በተሪክ የተዘጋጀው፣ በድረ ገጽ ላይ የሚነበበው የተግባራዊ ታይፖግራፊ መጽሐፍ፣ በእኔ አስተያየት ለጀማሪ ከቀረቡት ሁሉ በጥንቃቄ የተጻፈ ሥራ ነው። በውስጡ አንድ መስመር ክፍት ቦታን ጨምሮ ከ45 እስከ 90 ፊደል እንዲይዝ፣ በመስመርና በመስመር መካከል ያለው ርቀትም ከፊደሉ መጠን ከ120 እስከ 145 በመቶ እንዲሆን ይመክራል። ምክሩ ለእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ በዚያም ልክ ነው። የእኛ ተማሪ ግን ቊጥሩን ብቻ ነጥሎ ይዞ ይመጣል።

አንድ ዐረፍተ ነገር እንውሰድ፤ «ተማሪዎቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ዝናብ መታቸው»። በፊደላችን ሲቈጠር 24 ፊደልና 5 ክፍት ቦታ፣ በድምሩ 29 ነው። ይኸንኑ ዐረፍተ ነገር በላቲን ፊደል ብንጽፈው፣ እንደ አጻጻፉ ጥቂት ቢለያይም፣ ክፍት ቦታውን ጨምሮ 50 ያህል ይሆናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ይይዛል። ስለዚህ 90 ፊደል የያዘ የአማርኛ መስመር በዚህ ሒሳብ ከ18 በላይ ቃላት ይሸከማል ማለት ነው። የአንባቢው ዐይን ከመስመሩ መጨረሻ ወደ ሚቀጥለው መጀመሪያ ሲመለስ መንገዱ ይጠፋዋል። በዚህ ምሳሌ ብቻ ብንገምት የበተሪክ ቊጥር ለእኛ ከ26 እስከ 52 ፊደል ይወርዳል። ይህን እንደ ሕግ አላቀርበውም፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ሕግ አይሆንምና። እያንዳንዱ መምህር ተማሪዎቹን ከያዙት የመማሪያ መጽሐፍ ገጽ አሥመርጦ ቢያስቈጥራቸው የየራሳቸውን ቊጥር ያገኛሉ፤ የሚጠቅማቸውም ያገኙት እንጂ የተቀበሉት ቊጥር አይደለም።

እዚህ ላይ ሳልጠቅሰው ማለፍ የማልችለው ነገር የብራና ጸሐፍቶቻችን ሥራ ነው። ጸሐፊው ቀለም ከመንከሩ በፊት ብራናውን በወስፌ ወግቶ መስመሩን ያሰምር ነበር። ገጹን ብዙ ጊዜ በሁለት ዐምድ ይከፍለዋል፤ በመሆኑም መስመሩ አጭር ነው። ጽሑፉ ሲጀመርና የተቀደሱ ስሞች ሲጻፉ በቀይ ቀለም ይለያቸዋል። የክፍሉን መግቢያ ደግሞ በሐረግ ያስጌጠዋል። ዛሬ የድረ ገጽ ትምህርቶች ስለ ገጽ መደብና ስለ መስመር ሥርዐት ሲናገሩ ታሪኩን ከ20ኛው ምእተ ዓመት የስዊስ ነዳፊዎች ይጀምሩታል። ለስዊሶቹ ሊሰጥ የሚገባውን ክብር አልነፍጋቸውም። ነገር ግን ተማሪያችን የገጽ መደብ ከባሕር ማዶ የመጣ ዕውቀት ብቻ እንደሆነ አምኖ ሲወጣ፣ በአጠገቡ ባለው ገዳም ወይም ደብር የሚገኘው መጽሐፍ ለዘመናት ያንኑ ሲያስተምር እንደኖረ ሳይነገረው ይቀራል። ስለ አጽንዖት የሚሰጡት ምክሮችም እንዲሁ ናቸው። «በትላልቅ ፊደላት አትብዛ፤ በምትጽፍበትም ጊዜ አራርቃቸው» ይላሉ፤ እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም። «አዘምም ወይም አወፍር» ይላሉ፤ ማዝመሙ ምን እንደሚያደርግ ከላይ አይተናል። ቀይ ቀለምን ግን የሚያነሣው የለም።

የመስመር መጨረሻ ነገርም አለ። በብራናው ላይ ቃልና ቃል በሁለት ነጥብ ይለያዩ ስለ ነበር ቃሉ በመስመሩ ጫፍ ላይ ከየትኛውም ፊደል ቢቈረጥ አንባቢው አይደናገርም ነበር። ዛሬ ሁለት ነጥቡን ትተን ክፍት ቦታን ስለ ያዝን ቃሉ ሳይቈረጥ ወደ ሚቀጥለው መስመር ይወርዳል። «ስለሚያስተምሯቸውም» የሚለው አንድ ቃል 11 ፊደል አለው። በጠባብ ዐምድ ውስጥ ሁለቱ ጠርዞች እኩል እንዲሆኑ የታዘዘ ኮምፒዩተር እንዲህ ያለውን ቃል ወደ ታች ሲጥል በቀሪዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ቃላት መካከል ሰፊ ክፍተት ይተዋል፤ ገጹም ጥርሱ እንደ ወላለቀ ማበጠሪያ ይመስላል። በብዙ የትምህርት ቤት መጽሔቶች ላይ የምናየው ይህ ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ በጠባብ ዐምድ የቀኙን ጠርዝ ሳያስተካክሉ መተው።

የመስመር ርቀትን በሚመለከት ትንሽ ብቻ ልበል። የላቲን ትንንሽ ፊደላት ከፍና ዝቅ ስለሚሉ በመስመሮቹ መካከል በራሳቸው አየር ይተዋሉ። የእኛዎቹ አብዛኞቹ በቁመት ስለሚቀራረቡ ገጹ ይጠቊራል። ስለዚህ ከተመከረው ወሰን ወደ ላይኛው ጫፍ መጠጋት፣ አንዳንዴም ማለፍ ይበጃል።

ስለ ቀለም

ሁለት ዓይነት የቀለም መሣሪያዎች አሉ፤ ከመካከላቸው አንዱን እወደዋለሁ። ኩለርስ የተባለው ድረ ገጽ የክፍት ቦታ መምቻውን በተጫኑ ቊጥር 5 ቀለማትን መርጦ ያቀርባል። ካልወደዱት እንደገና መጫን ነው። ተማሪዎች ይህን ሲያደርጉ ለረጅም ጊዜ ተመልክቻቸዋለሁ፤ ፊታቸው ላይ የሚታየው ዕጣ የሚያወጣ ሰው ፊት ነው። «ለምን ይህን መረጥህ?» ሲባሉ «ስለ ወጣ» ከማለት በቀር መልስ የላቸውም። አዶቤ ከለር የሚባለው ደግሞ ቢያንስ የቀለማትን ክብ ያሳያል፤ ተማሪው አንዱን ሲያንቀሳቅስ ሌሎቹ በምን ሕግ እንደሚከተሉት ያያል። ከዚህኛው የሚማረው ነገር አለ።

የምወደው መሣሪያ የጽሑፍና የመደብ ቀለምን የብርሃን ልዩነት የሚለካው ነው። ዌብኤይም የተባለው ድርጅት ያቀረበው መለኪያ ታዋቂ ነው። ዓለም አቀፉ የድር ደንብ አውጪ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ መሠረት ለተራ ጽሑፍ ልዩነቱ ከ4.5 ለ1፣ ለትልቅ ጽሑፍ ከ3 ለ1 ማነስ የለበትም። ጥቁር በነጭ ላይ 21 ነው። ንጹሕ ቢጫ በነጭ ላይ 1.07 ብቻ ነው። ንጹሕ ቀይ በነጭ ላይ 4 ያህል ስለሆነ ለትልቅ ጽሑፍ ያልፋል፤ ለትንሹ ይወድቃል። ይህን መሣሪያ የምወደው በተማሪው ፈንታ ስለማይመርጥ ነው። ተማሪው ይመርጣል፤ መሣሪያው ይመሰክራል። በተማሪና በመምህር መካከል «ይታያል፤ አይታይም» የሚለውን ክርክር የሚፈርድ ሦስተኛ ወገን ሆኖ ይቆማል።

ሆኖም እዚህም ፊደላችን ከመዝገቡ ውጭ ቀርቷል። መመሪያው «ትልቅ ጽሑፍ» የሚለውን 18 ነጥብ፣ ወይም 14 ነጥብ ሆኖ የወፈረ ብሎ ይተረጉመዋል፤ ለቻይንኛ፣ ለጃፓንኛና ለኮርያኛ ግን ከዚህ ጋር የሚተካከል መጠን እንዲፈለግ ያሳስባል። ስለ ኢትዮጵያ ፊደል አንዳች አይልም። ራሷ ላይ ባለች ቀጭን ሰረዝ የምትለይ «ሸ» በ14 ነጥብ «ትልቅ» ናት ወይስ አይደለችም? ለጊዜው ጥንቃቄው ግልጽ ነው፤ ለአማርኛ ሁልጊዜ 4.5ን መያዝ።

ሌላም አለ። መለኪያው የሚለካው መስኮት ላይ የሚታየውን ብርሃን ነው። የትምህርት ቤቶቻችን ማስታወቂያ ግን ብዙውን ጊዜ በጥቁር ቀለም ማባዣ ላይ ያልፋል። ንጹሕ ቀይና መካከለኛ አረንጓዴ በመስኮት ላይ ጠላቶች ይመስላሉ፤ የብርሃን ልዩነታቸው ግን 1.3 እንኳ አይሞላም። ከማባዣው ሲወጡ ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ናቸው። ቀይንና አረንጓዴን ለመለየት ዐይናቸው የማይረዳቸው ተማሪዎችም ከመነሻው የሚያዩት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ማንኛውም የተማሪ ሥራ ከመጽደቁ በፊት አንድ ጊዜ በጥቁርና ነጭ ይታተም።

እጅን የሚያሠሩት

ከተመለከትኋቸው ሁሉ የትምህርት ባሕርይ ያላቸው ሁለት ትንንሽ ጨዋታዎች ናቸው። ከርን ታይፕ የተባለው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ያቀርባል፤ የዳርና የዳር ፊደላቱ አይነኩም፤ ተማሪው የመካከሎቹን እየገፋ ክፍተቱን ለዐይን እኩል ያደርጋል። ሲጨርስ አንድ የፊደል ባለሞያ የሠራው ከርሱ ሥራ ጋር ተደርቦ ይታያል፤ ከ100ም ነጥብ ይሰጠዋል። ሁለተኛው ጨዋታ በጥቂት ነጥቦች ብቻ ጠመዝማዛ መስመር ማስመርን ያለማምዳል። በሁለቱም ተማሪው መጀመሪያ ይሠራል፤ ከዚያ ይታረማል። መልሱ ከጥያቄው በፊት አይመጣም።

አማርኛ የላቸውም። ይህ ግን የሚያሳዝነውን ያህል የሚያግድ አይደለም። ከወፍራም ወረቀት ፊደላት ቈርጦ በጠረጴዛ ላይ «ተራራ» የሚለውን ቃል መደርደር ይበቃል። ተማሪው በማስመሪያ ለክቶ እኩል ክፍተት ሲሰጣቸው በ«ተ» ክንዶች ሥር የሚቀረው ባዶ ቦታ ስለሚሰፋ ፊደሉ ከተከታዩ ርቆ ይታያል። ያን ጊዜ እኩል ልኬትና እኩል መስሎ መታየት የተለያዩ መሆናቸውን ያለ አንዳች ንግግር ይረዳል። የቀድሞዎቹ የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚዎች ይህን በጣታቸው ያውቁት ነበር። ነጥብ የሚሰጥ ባለሞያ ባይኖርም ሦስት ተማሪዎች አንዱን ቃል በየራሳቸው ደርድረው እርስ በርሳቸው ሲተራረሙ ከጨዋታው የማያንስ ክርክር ይነሣል።

እንደ ቢሃንስ ያሉትን የሥራ ማሳያ ድረ ገጾች በአጭሩ ልለፋቸው። ያለቁ ሥራዎችን ያሳያሉ፤ ረቂቆቹን የሚያሳዩት ጥቂቶች ናቸው። ተማሪ የሚማረው ከረቂቅ ነው። በሰው ሠራሽ ልህቀት ሥዕል የሚያወጡት መሣሪያዎች ደግሞ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚሹ ስለሆኑ አላነሣቸውም።

ለዕቅድ አውጪዎች

በመርሐ ትምህርት ውስጥ የመሣሪያ ስም መጻፍ አደገኛ ነው። ፍላሽ የተባለው የአዶቤ ሥራ በአንድ ወቅት የአኒሜሽን ትምህርት መሠረት ነበር፤ ማጫወቻው እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ተቋረጠ። ኢንቪዥን የንድፍ ሠራተኞች ሁሉ መገናኛ ይባል ነበር፤ በ2024 መጨረሻ ተዘጋ። ፊግማን አዶቤ በ20 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው በ2022 ተስማምቶ በ2023 መጨረሻ ውሉ ፈረሰ፤ ውሉ ቢጸና ኖሮ ዋጋውና ፈቃዱ ምን ይሆን እንደ ነበር ማንም ዋስ ሊሆን አይችልም ነበር። የመማሪያ መጽሐፍ አንዴ ከታተመ ብዙ ዓመት ይቈያል። ስለዚህ በመጽሐፉ ውስጥ «ተማሪው በፊግማ ይሠራል» ከማለት ይልቅ «ተማሪው የአንድን ጽሑፍ ሦስት ረቂቅ አቅርቦ የመረጠበትን ምክንያት ያስረዳል» መባል አለበት። መሣሪያው በመምህሩ መምሪያ ውስጥ፣ በየዓመቱ ሊለወጥ በሚችል አባሪ ላይ ይስፈር።

ፊግማ ለመምህራንና ለተማሪዎች በነጻ ይፈቀዳል፤ ሥራው ግን የተመሠረተው በመስመር ላይ ነው። ኢንክስኬፕ ለመስመር ሥዕል፣ ጂምፕ ለፎቶግራፍ፣ ስክራይበስ ለገጽ ቅንብር አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ መቅዳታቸውም አያስጠይቅም። አንድ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሦስቱንና ከላይ የጠቀስኋቸውን የአማርኛ የፊደል ቅርጾች በአንድ ፍላሽ ላይ አድርጎ ለትምህርት ቤቶቹ ቢያድል፣ ተማሪዎች ቊልፉ ተሰብሮ ከየሱቁ የሚገዙትን የተሰረቀ ፕሮግራም ከነቫይረሱ ያስቀርላቸዋል። ሦስቱም ከካንቫ ይልቅ ይከብዳሉ። ባዶ ገጽ ይዘው ስለሚከፈቱ ነው የሚከብዱት፤ ባዶው ገጽ ደግሞ ለትምህርቱ የምንፈልገው ነው።

ያ ማስታወቂያ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ተሠራ። በዚህ ጊዜ ተማሪዎቹ ሦስቱን ቃላት መጀመሪያ በእርሳስ፣ ከዚያ በቈረጡት ወረቀት፣ በመጨረሻ በኢንክስኬፕ አዘጋጁ። አንዱ መስመሯን ከቃሉ ሥር አወረዳት። ሌላዋ ተማሪ መስመሯን ጨርሳ አጥፍታ «ይሰጣሉ» የሚለውን ብቻ በቀይ ጻፈችው፤ ቀዩንም ለክታ በ4.5 እስኪያልፍ ድረስ አጠቈረችው። የተለጠፈው የርሷ ነው። በዚያው ቀን አንድ አባት ገብተው እንደ ገና ዋጋ ጠየቁ። ተማሪዎቹ ደንግጠው ወደ በሩ ሮጡ፤ ኋላ እንደ ተረዳነው ግን ሰውዬው ማስታወቂያውን አላዩትም፤ ያለፈው ሳምንት ወሬ ሰምተው ነበር የመጡት።